ትንሿ ራውተርና የ3 ሚሊ ሜትሯ ቢት፦ ከ2 ዓመት በኋላ

ጠረጴዛን እጃችን የሚያውቀው በጠርዙ ነው። ላዩን በዓይን እናየዋለን። ጠርዙን ግን ክንዳችን ይደገፍበታል፣ ስንነሳ መዳፋችን ይጨብጠዋል፣ ስናልፍ ዳሌያችን ይነካዋል። ይህን የተረዳሁት በገዛ እጄ በሠራሁት የመጀመሪያ የመጻፊያ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሳምንት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ላዩ ለስልሷል፣ ቫርኒሹም ያብረቀርቃል፤ ማታ ማታ ግን የእጄ አንጓ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮ አገኝ ነበር። ጠርዙን ከመጋዝ እንደወጣ ነበር የተውኩት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቫርኒሹ ከሌላው ቦታ ሁሉ ቀድሞ ከዚያው ጠርዝ ላይ መላጥ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ነው ትንሽ የእጅ ራውተር የገዛሁት። ራውተር ስል ኢንተርኔት የሚያከፋፍለውን ሳይሆን እንጨት የሚቀርጸውን ነው። ይሄው 2 ዓመት ሆነን። ጠረጴዛ፣ መደርደሪያ፣ በርጩማ፣ የልጆች አልጋ፣ የሥዕል ፍሬም፣ ሁሉንም አብረን አልፈናል። ስለ እሷና ጠርዝ ለማለዘብ ስለምጠቀምባቸው ቢቶች፣ ማለትም ማሽኗ ላይ ስለሚታሰሩት ስለታም መቁረጫዎች፣ ያየሁትን ልጻፍ። የማሽኗን ብራንድ አልጠቅስም፤ በዚህ መጠን የሚሠሩት በጣም ስለሚመሳሰሉ የምለው አብዛኛው ነገር የትኛዋንም ብትገዙ ይሠራል።

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው። ማሽኗ ጥሩ ናት። ከማሽኗ በላይ ግን ሥራዬን የለወጠችው ባለ ኩሽኔታዋ የ3 ሚሊ ሜትር ቢት ናት። ገንዘባችሁ ለአንድ ቢት ብቻ የሚበቃ ከሆነ እሷን ግዙ፣ ብዙ ቢት የታጨቀበትን ሣጥን ተዉት።

ስለ ማሽኗ በአጭሩ፦ ወደ 700 ዋት ገደማ ናት፣ ክብደቷ 1.8 ኪሎ ነው፣ ፍጥነቷ በደቂቃ ከ10,000 እስከ 30,000 ዙር ይስተካከላል። በአንድ እጅ ትያዛለች፤ እኔ ግን ሁለተኛው እጄ ሁልጊዜ የታችኛው ሳህኗ ላይ ነው። ስትነሳ ቀስ ብላ ስለምትነሳ እጅ አትነጥቅም፤ ይህ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል፣ ከእንጨት ጫፍ ላይ ቆማ ስትነሳ ግን ትልቅ ልዩነት አለው። ጥልቀት ማስተካከያዋም በጥርስ ስለሚሄድ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ሳያስቸግር ይስተካከላል። ትልቁን ራውተር የሞከረ ሰው ያውቀዋል፤ እሱ ለጠርዝ ሥራ ብቻ ሲሆን ክንድ ያደክማል፣ ከጠባብ ጣውላ ላይ ደግሞ ለመቆም ያስቸግረዋል።

አሁን ወደ ቢቶቹ። ጠርዝ የሚያለዝብ ቢት ሆዱ የሩብ ክብ ቅርጽ አለው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ኩሽኔታ ትቀመጣለች። ኩሽኔታዋ የእንጨቱን ጎን ተደግፋ ትንከባለላለች፣ ምላጩ ደግሞ ከላይዋ ያለውን ሹል ጠርዝ ብቻ ይበላል። ስለዚህ መመሪያ ማሰር፣ መስመር ማስመር የለም። እንጨቱ ቀጥ ካለ ቀጥ ትላለች፣ ከዞረ ትዞራለች። የቢቱ ቁጥር የሩብ ክቡ ራዲየስ ነው፤ 3፣ 6፣ 9.5፣ 12.7 ሚሊ ሜትር እያለ ይሄዳል።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ ትልቁን ይወዳል። እኔም ወደድኩ። ትልቅ ክብ ጠርዝ የሚታይ ሥራ ነውና ያጓጓል። ግን 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መደርደሪያ ላይ የ9.5 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ብታሳርፉበት ጣውላው ያለቀ ሳሙና ይመስላል፤ ቀጥ ያለ መስመሩ ይጠፋል፣ ሁለት ጣውላ የሚገናኝበት ቦታም ላይ ጉድጓድ የመሰለ ስንጥቅ ይፈጠራል። 3 ሚሊ ሜትር ሲሆን ግን ዓይን ብዙም ልብ አይለውም፣ እጅ ወዲያው ያውቀዋል። የቤት ዕቃው መስመሩን ሳያጣ ይለዝባል። እኔ ከምሠራው አሥር ነገር ሰባት ስምንቱ በ3 ሚሊ ሜትሯ ነው የሚያልቀው። 6 ሚሊ ሜትሩ ክንድ ለሚያርፍበት የጠረጴዛ ፊት፣ ለወንበር እጀታ፣ ለልጆች አልጋ ይሆናል። 12.7ቱን የማወጣው ለወፍራም አግዳሚና ለጠረጴዛ እግር ብቻ ነው።

ስለ ራዲየስ ሌላ የማይነገር ነገር አለ። ጣውላውን ከላይም ከታችም ለማለዘብ ስታስቡ ኩሽኔታዋ የምትደገፍበት ቦታ መቅረት አለበት። 18 ሚሊ ሜትር ጣውላ ላይ ከሁለቱም በኩል 6 ሚሊ ሜትር ብትወስዱ መሃል ላይ 6 ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ ይቀራል፣ በቂ ነው። ከሁለቱም በኩል 9 ብትወስዱ ግን ምንም አይቀርም። የመጀመሪያው ዙር ያምራል፣ ገልብጣችሁ ሁለተኛውን ስትጀምሩ ኩሽኔታዋ የምትይዘው ስታጣ ቢቱ ወደ ውስጥ ይገባና ጠርዙን ይጎረጉደዋል። ሙሉ ግማሽ ክብ ጠርዝ ከፈለጋችሁ ኩሽኔታዋን ሳይሆን ቀጥ ያለ መመሪያ ተጠቀሙ።

ማለዘቡ ለውበት ብቻ አይደለም። ቫርኒሽም ቀለምም ፈሳሽ ነው፤ ሹል ጠርዝ ላይ ሲያርፍ በራሱ የገጽታ ውጥረት ከጫፉ ወደ ሁለቱም ጎን ይሸሻል። ስለዚህ ሰው በብዛት በሚነካው ቦታ ላይ ሽፋኑ ከሁሉም ቦታ ይሳሳል። ብረት የሚቀቡ ሰዎች ይህን አሳምረው ያውቁታል፤ አይኤስኦ 8501 የሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት በክፍል 3 ላይ ለከፍተኛው የዝግጅት ደረጃ የብረቱ ጠርዝ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ራዲየስ እንዲኖረው ይጠይቃል። እንጨት ብረት አይደለም፣ የፈሳሹ ጠባይ ግን ያው ነው። ያንን የመጀመሪያ ጠረጴዛዬን ጠርዙን ፍቄ፣ በ3 ሚሊ ሜትሯ አልፌበት፣ እንደገና ቫርኒሽ ቀባሁት። ይኸው እስከ ዛሬ ጠርዙ አልተላጠም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ልምጣ፤ አቅጣጫ። አዲስ ሰው እንጨትም እጅም የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ማሽኗን በእጅ ይዛችሁ ከላይ ስትሠሩ ቢቱ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ይዞራል። ስለዚህ የጣውላውን ውጫዊ ጠርዝ የምትዞሩት በሰዓት አቆጣጠር ተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ጣውላው ከፊታችሁ ሆኖ እናንተ በኩል ያለውን ጠርዝ ስትሠሩ ከግራ ወደ ቀኝ ትገፋላችሁ ማለት ነው። የፍሬም ውስጠኛ ጠርዝ ከሆነ ይገለበጣል፣ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። ማሽኗ ከጠረጴዛ ሥር ተገልብጣ ታስራ እንጨቱን የምትገፉት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ይህን ሁሉ በቃል መያዝ ካስቸገረ አንድ ዘዴ አለ። ቀኝ እጃችሁን መዳፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ዘርጉ፣ አውራ ጣታችሁን ወደ እንጨቱ አመልክቱ፤ የቀሩት ጣቶች የሚያመለክቱት ማሽኗን የምትገፉበትን አቅጣጫ ነው። ከውጭም ከውስጥም ይሠራል። እኔ አሁንም ቢሆን ማሽኗን ከማስነሳቴ በፊት እጄን እዘረጋለሁ።

በተሳሳተው አቅጣጫ ከገፋችሁ ምን ይሆናል? ምላጩ እንጨቱን እንደ ጎማ ይረግጠውና ማሽኗ ወደ ፊት ትሮጣለች። በመጀመሪያው ሳምንት ደርሶብኛል። ማሽኗ ከእጄ ባትወጣም ግማሽ ሜትር ያህል ያለ እኔ ፈቃድ ሄዳለች፣ ጠርዙም በየቦታው ተቀናንሶ ቀረ። በትክክለኛው አቅጣጫ ስትሄዱ ግን ቢቱ ይመልሳችኋል፣ እናንተ ትገፋላችሁ፣ ኩሽኔታዋም ወደ እንጨቱ ተስባ ትጣበቃለች። ያ ተቃውሞ በእጃችሁ ሲሰማችሁ አቅጣጫው ትክክል ነው።

ቀጥሎ ቅደም ተከተል ነው። የእንጨት ክር በርዝመቱ ነው የሚሄደው። ጫፉ ላይ፣ ክሩ በተቆረጠበት በኩል፣ ስታልፉ ቢቱ ከመጨረሻው ጥግ ሲወጣ የሚደግፈው ስለሌለ እዚያ ያለውን ክር ቦጭቆ ይወስዳል። መከላከያው ቀላል ነው። ሁልጊዜ ከጫፉ ጀምሩ፣ ከዚያ ረጅሙን ጎን። ጫፉ ላይ የተቦጨቀውን ትንሽ ቦታ ረጅሙን ጎን ስታልፉ ምላጩ አብሮ ይበላዋል። አራቱንም ጎን የምትሠሩ ከሆነ ከአንዱ ጫፍ ጀምራችሁ ዙሪያውን ብትዞሩ የመጨረሻው ዙር ረጅም ጎን ስለሚሆን ችግሩ በራሱ ይፈታል። ጫፉን ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ግን መውጫው ላይ ቁራጭ እንጨት በሞርሴቶ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ የሚቦጨቀው እሱ ይሁን።

ማረር ሌላው ቅሬታ ነው። ጠርዙ ላይ ጥቁር ጥላ የመሰለ ጠባሳ ይቀራል። ሰው ማሽኑን ይረግማል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የእጅ መዘግየት ነው። ቢቱ አንድ ቦታ ላይ ከቆየ እንጨቱን መቁረጡን ትቶ ይፈገፍጋል፣ ይግላል፣ ያሳርራል። ጥግ ላይ ስትደርሱ ለማሰብ አትቁሙ። እንደ ሜፕልና ቼሪ ያሉ እንጨቶች በተለይ ቶሎ ያርራሉ። እነሱ ላይ እኔ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል አስቀርቼ መጀመሪያ አልፋለሁ፣ ከዚያ በመጨረሻው ጥልቀት ፈጠን ብዬ በአንድ ትንፋሽ እጨርሳለሁ። ሙጫ የበዛበት ለስላሳ እንጨት ደግሞ ምላጩ ላይ ቡናማ ቅርፊት ይሠራል። ያ ቅርፊት ሲኖር ስለታሙ ቢት እንደ ደነዘ ይሆናል። ብዙ ሰው ደንዟል ብሎ የሚጥለው ቢት ቆሽሾ ነው እንጂ ስለቱ አለ። ኩሽኔታውን ፈትታችሁ አውጡና ምላጩን ቅባት በሚያስለቅቅ ማጽጃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት። ኩሽኔታውን ማጽጃ ውስጥ አትንከሩት፣ ውስጡ ያለው ግራሶ ይሟሟል።

ፍጥነትም ከማረር ጋር ይያያዛል፣ ከዚያ በላይ ግን የደህንነት ጉዳይ ነው። የ6 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ያለው ቢት ከነኩሽኔታው ስፋቱ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በደቂቃ 25,000 ዙር ሲዞር የምላጩ ጫፍ በሰዓት ወደ 118 ኪሎ ሜትር ይበራል። የ12.7ቱ ቢት ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ በ30,000 ዙር ብታስነሱት የምላጩ ጫፍ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ቢቱ ሲሰፋ ዙሩን ቀንሱ። እኔ እስከ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው 24,000፣ ከዚያ በላይ ለሆነው 18,000 ላይ አደርጋለሁ። ቢቱ ላይ ወይም ማሸጊያው ላይ ከፍተኛው ዙር ከተጻፈ ደግሞ እሱን አትለፉ። ይህች ትንሽ ማሽን በትልቁ ቢት ጠርዙን በአንድ ጊዜ መብላትም አትችልም፤ ድምጿ ይወርዳል፣ ትንቀጠቀጣለች። ሦስት ጊዜ እያለፋችሁ ጥልቀቱን እየጨመራችሁ ሂዱ።

አሁን ስለ ቅሬታዬ። መጀመሪያ የገዛሁት በርካሽ የሚሸጥ፣ ብዙ ቢት በአንድ ሣጥን የታጨቀበትን ነበር። ሣጥኑ ያምራል። ውስጡ ያሉት ጠርዝ ማለዘቢያዎች ግን አንዱም የልብ አላደረሰም። የአንዱ ኩሽኔታ ከምላጩ መነሻ ትንሽ ስላነሰ ባለፈበት ሁሉ ቀጭን ደረጃ ትቶ ይሄዳል። አንዳንድ ሰው ያንን ደረጃ ለጌጥ ይፈልገዋል፣ እኔ ግን አልጠየቅኩም። የሌላው ኩሽኔታ በሦስተኛው ወር ሰጋቱራ ገብቶበት ተያዘ። ኩሽኔታ ሲያዝ ከቢቱ ጋር አብሮ ይዞራል፣ መንከባለሉን ትቶ እንጨቱን ያሻል፤ በአንድ የመደርደሪያ ጠርዝ ላይ ሙሉውን ርዝመት ቡናማ መስመር አቃጥሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ስፒናውን ከሶኬት ነቅዬ ኩሽኔታዋን በጣቴ አሽከረክራታለሁ። ያለ ድምፅ ከዞረች እሠራለሁ፣ ከተንገጫገጨች እቀይራታለሁ። ጥሩ ቢት ላይ ኩሽኔታው በትንሽ ብሎን ስለሚፈታ ለብቻው ይቀየራል፤ ስትገዙ ይህን እዩ። ምላጩ ካርባይድ፣ ማለትም ከተራ ብረት በጣም የሚጠነክር ቁስ፣ መሆኑንም እዩ፤ በተለይ ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ሰሌዳ) እና ፕላይውድ ውስጥ ያለው ሙጫ ተራውን ብረት በአጭር ጊዜ ያደነዝዘዋል።

የቢቱ እግር፣ ማለትም ማሽኗ መያዣ ውስጥ የሚገባው ክፍል፣ ውፍረቱም ያሳስታል። 6 ሚሊ ሜትርና ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊ ሜትር፣ በዓይን አንድ ይመስላሉ። አንድ አይደሉም። 6 ሚሊ ሜትሩ በሩብ ኢንች መያዣ ውስጥ ይገባል፣ ዳዶውንም ብታጠብቁት የያዘ ይመስላል፣ በሥራ ላይ ግን ይንሸራተታል። እንዲህ ባለ ፍጥነት የሚዞር ቢት ቦታውን ሲለቅ ማየት የሚፈልግ የለም። ከማሽናችሁ መያዣ ጋር እኩል የሆነውን ብቻ ግዙ።

አንድ ጉዳት ደግሞ በራሴ ጥፋት ደርሶብኛል። ቢቱን መያዣው ውስጥ እስከ መጨረሻው ገፍቼ፣ ከታች አስነክቼ አጠበቅሁት። ትክክሉ እስከ ታች ገፍቶ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር መልሶ ማውጣትና ከዚያ ማጥበቅ ነው፤ መያዣው ሲጠብቅ ቢቱን ትንሽ ወደ ውስጥ ይስበዋልና ከታች ከነካ በደንብ ሳይጨብጥ የጨበጠ ይመስላል። ቢቱ በሥራ መሃል ቀስ በቀስ እየወጣ ሄደ። እኔ ጠርዙን ሳይሆን መንገዱን ነበር የማየው። አንድ ሜትር ካለፍኩ በኋላ ዞር ብዬ ሳይ ጠርዙ ላይ ደረጃ ተፈጥሯል፣ መጀመሪያ ቀጭን፣ እየሄደ የሚጠልቅ። ያን ጠረጴዛ ለማዳን ዙሪያውን በሙሉ በ6 ሚሊ ሜትሩ ቢት እንደገና መሥራት ነበረብኝ፣ ደግነቱ ለሱ የሚበቃ እንጨት ነበር። አሁን በየጥቂት ሥራው መያዣውን ፈትቼ ከሰጋቱራ አጸዳለሁ።

የማሽኗ ዋናው ድክመት ምንድን ነው? ሚዛኗ። በዚህ መጠን ያሉት ሁሉ የታችኛው ሳህናቸው ጠባብ ነው። ጠርዝ ስትሠሩ ደግሞ ግማሹ ሳህን አየር ላይ ነው፤ ጥግ ላይ ስትደርሱ ሩቡ ብቻ ነው እንጨቱን የሚነካው። በዚያች ቅጽበት ማሽኗ ትንሽ ወደ ውጭ ካጋደለች ምላጩ ጥጉን ይነክሰዋል፣ ያም ጥግ ሁሉም ሰው የሚያየው ነው። እኔ ከ6 ሚሊ ሜትር ፕሌክሲ ግላስ ረዘም ያለ ሳህን ቆርጬ ሠርቼላታለሁ፤ አንዱ ጎኑ ከሌላው ይረዝማል፣ ረጅሙ ሁልጊዜ ከእንጨቱ ላይ ያርፋል፣ ግራ እጄ እሱን ወደ ታች ይጫናል። ከሁሉም ማሻሻያ ይህ ነው የጠቀመኝ። ከፋብሪካ የተሠራም ይሸጣል። ከማሽኗ ጋር አብሮ ቢመጣ ምንም ቅር የሚለኝ ነገር አይኖርም ነበር።

ኩሽኔታዋ የጎኑን መልክ ትገለብጣለች እንጂ አታስተካክልም፤ ይህንንም ልብ በሉ። ጎኑ ላይ የደረቀ የኮላ ጠብታ ካለ ክቡ እዚያ ቦታ ላይ ይጎብጣል። የመጋዝ ጥርስ ምልክት ካለ ክቡም ያንኑ ይደግመዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ጎኑን በመላጊያ ወይም በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ፣ ከዚያ ራውተር። በጣም ለስላሳ እንጨት ላይ ደግሞ ማሽኗን ጠንክራችሁ ከገፋችሁ ኩሽኔታዋ ራሷ ቀጭን መስመር ትረግጥበታለች። እርጥብ ጨርቅና ቁጥር 120 ብርጭቆ ወረቀት ያጠፋዋል፣ ቀለል አድርጎ መያዝ ግን ይሻላል።

ጥልቀቱን ለማግኘት ሁልጊዜ ከዚያው እንጨት የተረፈ ቁራጭ ላይ እሞክራለሁ። ቢቱ በጣም ከወረደ ላዩ ላይ ደረጃ ይቀራል፣ በጣም ከፍ ካለ ክቡ ሳይሞላ ይቀራል። እኔ በፀጉር ያህል ከፍ አድርጌ እተወዋለሁ፤ የቀረውን ቁጥር 180 በእጅ ሁለት ሦስት ጊዜ ስታልፉበት ክቡ ከላዩ ጋር ይዋሃዳል።

ቺፕውድና ሽፋን የተለጠፈበት ሰሌዳ ላይ ይህን ቢት አትጠቀሙ። ሽፋኑ ይቆረጥና ውስጡ ያለው የተጨመቀ ስብርባሪ ይወጣል። ፕላይውድ ይሆናል፣ ድርብርቡ በክቡ ላይ መስመር መስመር ሆኖ ይታያል፣ እኔ ያንን መልክ እወደዋለሁ። ኤምዲኤፍ እንደ ቅቤ ይቆረጣል፣ ብናኙ ግን ከባድ ነው።

ስለ ብናኝ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በ1995 ባወጣው ጥናት በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል በተረጋገጠው በምድብ 1 ውስጥ ነው ያስቀመጠው። ጠርዝ ሥራ ላይ ደግሞ ቢቱ ከእንጨቱ ውጭ ስለሆነ ብናኙ ወደ ፊታችሁ ነው የሚረጨው፤ የማሽኗ የብናኝ መምጠጫ አፍ ጎድጓዳ ሲሠራ በደንብ ይይዛል፣ ጠርዝ ላይ ግን ግማሹ ያመልጠዋል። ስለዚህ ጭምብል፣ መነጽር፣ የጆሮ መከላከያ። ሦስቱም። እኔ መነጽሩን ለሁለት ደቂቃ ሥራ ብዬ ትቼው ዓይኔ ውስጥ ስንጥር ገብቶ ቀኑን ሙሉ ስጨነቅ ውያለሁ።

ማን ባይገዛ ይሻለዋል? አንድ በርጩማ ሠርቶ የሚያቆም ሰው አያስፈልገውም። ትንሽ መላጊያ ይበቃዋል፤ ጠርዙን መጀመሪያ በ45 ዲግሪ መላግ፣ ከዚያ የተፈጠሩትን ሁለት አዲስ ጠርዞች እንደገና መላግ፣ በብርጭቆ ወረቀት መጨረስ። ጸጥ ያለ፣ ደስ የሚል ሥራ ነው፣ ለአንድ ጣውላ ራውተሯን አውጥቶ ከማስተካከል እንዲያውም ይፈጥናል። ያለ መላጊያ በብርጭቆ ወረቀት ብቻ መሞከርን ግን አልመክርም፤ እጅ አንዱ ቦታ ላይ ይበረታል፣ ሌላው ላይ ይላላል፣ ብርሃን በጎን ሲያርፍበት ጠርዙ ማዕበል ይመስላል። ስድስት ወንበር የሚሠራ፣ መደርደሪያ የሚደረድር፣ ሁሉም ጠርዝ እርስ በርሱ እንዲመሳሰል የሚፈልግ ሰው ግን ይግዛት። ሃያ አራት ጠርዝ በእጅ አንድ ዓይነት ማድረግ በጣም ከባድ ነው። እሷ ታደርገዋለች።

ማሽኗ ከ2 ዓመት በኋላም እንደ መጀመሪያዋ ናት፤ ድምጿ አልተቀየረም፣ የጥልቀት ጥርሷ አልላላም። የ3 ሚሊ ሜትሯን ቢት ኩሽኔታ አንድ ጊዜ ቀይሬያለሁ፣ ሁለት ሦስት ጊዜም አጥቤያታለሁ፣ አሁን ጠንካራ እንጨት ላይ ትንሽ ማሳረር ጀምራለች። ሁለተኛዋን ገዝቼ አስቀምጫለሁ። አሮጌዋ ለኤምዲኤፍ ትሆናለች።